አደራ፣ ስቴጁን ከፍ እንዳታደርጉት

ባለፈው ሳምንት ታክሲ ውስጥ ሆኜ ረዳቱ "ካዛንቺስ ወራጅ አለ?" ሲል ቀና ብዬ በመስኮት አየሁና የት ጋ እንደደረስን ጠፋኝ። ሰፊ አስፋልት፣ አዲስ የእግረኛ መንገድ፣ አበባ፣ መብራት፣ ሁሉም አለ፣ እኔ ግን በአይኔ እየፈለግኩ የነበረው አንድ ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ቤት ነው፣ ፈንዲቃን። እንደፈረሰ እኮ አውቃለሁ። በ2017 መጀመሪያ ላይ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማቱ ሲነሳ አብሮ መሄዱን ያኔውኑ ሰምቻለሁ፣ አክስቴ ራሷ ከዛው ሰፈር ተነስታ አሁን ገላን ጉራ ነው ያለችው። ግን ለካ አይን ከጆሮ ዘግይቶ ነው የሚያምነው። ቤት እንደገባሁ ይሄን መጻፍ ጀመርኩ፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ።

መጀመሪያ ለማታውቁት። ፈንዲቃ አዝማሪ ቤት ነበር። ካዛንቺስ በአንድ ወቅት አዝማሪ ቤት በአዝማሪ ቤት ላይ የተደረደረበት ሰፈር ነው፣ ስሙን ራሱ ያገኘው ጣልያን በወረራው ጊዜ ለመንግስት ሰራተኞቹ ካሰራቸው ቤቶች ነው፣ "ካዜ ኢንቺስ" ይሏቸው ነበር፣ ካዜ ቤቶች ማለት ነው፣ ኢንቺስ ደሞ የሚያሰራቸው መስሪያ ቤት ስም ሲያጥር፣ የኛ ሰው አጣብቆ ካዛንቺስ አለው። ሰፈሩ ከስሙ ጀምሮ ቤት ነው በቃ። በደርግ ጊዜ ሰዓት እላፊ ስለነበር የማታ ሙዚቃ ትንፋሹ ተቆርጦ ነው የከረመው፣ ከ1983 በኋላ ነው አዝማሪ ቤቶች ካዛንቺስና ዳትሰን ሰፈር እንደ አሸን የፈሉት። ከዛ መሬቱ እየተወደደ፣ ሆቴሉና ፎቁ እየበዛ ሲሄድ አንድ በአንድ ተዘጉ። ፈንዲቃ ግን አልተዘጋም።

አክስቴ ቤቷ ከፈንዲቃ ሁለት አጥር አልፎ ነበር። እንጀራ እየጋገረች እየሸጠች ነው ልጆቿን ያሳደገችው፣ ሌሊት ነው የምትነሳው፣ እና ሰዓቷን የምታውቀው በአዝማሪ ቤቱ ነበር። "ማሲንቆው ብቻውን ሲያለቅስ ሶስት ሰዓት ነው፣ እስክስታው ሲደራ አምስት ሆኗል፣ ጉራጊኛው ሲጀመር እኩለ ሌሊት ነው፣ ከበሮው ዝም ሲል ተነስቼ ምጣዴን እጥዳለሁ" ትለኝ ነበር። ያን ሁሉ አመት ጎረቤት ስትሆን ግን አንድ ቀን ገብታ አታውቅም። "አዝማሪ ቤት ሴት ልጅ ምን ትሰራለች" ነው የምትለው። አልፈርድባትም፣ እሷ ባደገችበት ጊዜ አዝማሪ ማለት ስድብ ነበር፣ ሰርግ ላይ ያለ አዝማሪ አይደምቅም ግን ልጅህን ለአዝማሪ ስጥ ቢባል የሚሰጥ የለም፣ ሰዉ ጥበቡን እየወደደ ጠቢቡን የሚንቅበት ነገር እስከዛሬም ቢሆን ሙሉ ለሙሉ አልጠፋም።

እኔ መጀመሪያ የገባሁት ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ከጓደኞቼ ጋር ነው፣ አክስቴ እንዳታየኝ ነጠላ ተከናንቤ። በሩ ላይ ጎንበስ ብዬ ስገባ መጀመሪያ የተሰማኝ ሙቀቱ ነው። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ዱካ ላይ ነው የሚቀመጡት፣ ጉልበትህ ከማታውቀው ሰው ጉልበት ጋር ይገናኛል፣ ማሲንቆ መቺው ካንተ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ነው የሚዘፍነው። ስቴጅ የሚባል ነገር የለም። ተወዛዋዧ ስትመጣ መሀል ያለችውን ትንሽ ቦታ ሰዉ ዱካውን ወደኋላ እየገፋ ነው የሚለቅላት፣ ትከሻዋን ስትሰብቀው ነፋሱ ፊትህ ላይ ይመጣል፣ ላቧ ብርጭቆህ ውስጥ ጠብ ሊል ይችላል። ይሄን የምለው ለማጋነን አይደለም፣ እንደዛ ነው ቅርበቱ።

የዛን ቀን ማታ ያየሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጥግ ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ነበሩ፣ ከጎጃም ለህክምና እንደመጡ ልጃቸው ነው የነገረን። አዝማሪው እየዞረ ሰዉን እያወደሰ እየነካካ ደረሰባቸውና "ጋሼ፣ ጋቢዎ እንዲህ የነጣ ማን ፈትሎት ይሆን" ብሎ በግጥም ጠየቃቸው። ዝም አሉ። የተቀየሙ መስሎኝ ነበር። ከዛ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና "ተቀበል!" አሉት። የማታውቁ ካላችሁ፣ ተቀበል ማለት አዝማሪው አሁን አፉን ለእንግዳው አዋሰ ማለት ነው፣ አንተ ግጥሙን ትናገራለህ እሱ በዜማው ይቀበልሃል፣ ቃል መጣል የለም። እና ሽማግሌው እንዲህ አሉ፦

"ከቤቴ ብወጣ ቤቴ መጣ ከኔ
ማሲንቆ ሲናገር ሰማሁት በአይኔ"

አዝማሪው ሲቀበል ድምጹ ተሰበረ፣ ደገመው፣ ሶስተኛ ሲያዜመው ሙሉ ቤቱ አብሮ ይል ነበር። ሽማግሌው ብር አውጥተው ምራቃቸውን እንትፍ ብለው ግንባሩ ላይ ለጠፉለት። እኔ እስከዛሬ ያቺን ግጥም በቃሌ ነው የያዝኳት። ዋናው ነገሬም ይሄ ነው፣ እኚህ አባት አዳራሽ ውስጥ አስራ ሁለተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ያ ግጥም ከአፋቸው አይወጣም ነበር። ያወጣው የክፍሉ ጥበት ነው።

መላኩ በላይን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፣ ያ ትከሻው አጥንት የሌለው የሚመስለው ተወዛዋዥ። ልጅነቱን ጎዳና ላይ ያሳለፈ ሰው ነው፣ ፈንዲቃ ውስጥ ለአመታት ያለደሞዝ በሽልማት ብቻ እየጨፈረ፣ ማታ ማታ ባንኮኒው ስር እየተኛ ነው የኖረው። እ.ኤ.አ በ2008 ቤቱን ራሱ ተረከበው። እስቲ አስቡት፣ የተኛበትን ወለል ነው የተረከበው። ናይት ክለብ ሊያደርገው ይችል ነበር፣ ሰፈሩ ላይ የሚያዋጣው እሱ ነበር መቼስ። እሱ ግን አዝማሪ ቤቱን አዝማሪ ቤት አድርጎ አቆየው፣ ኢትዮ ከለር የሚለውን ባንድ አቋቋመ፣ ማሲንቆ ክራር ዋሽንት ከበሮ ያለ ኪቦርድ፣ እና በ2016 እ.ኤ.አ ደሞ የስእል ጋለሪ ጨምሮበት የባህል ማዕከል ሆነ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ በ2015 ሸቫሊዬ የሚባለውን የጥበብ ኒሻን ሸልመውታል። እኔን ከኒሻኑ በላይ የሚገርመኝ ግን በሩን ለሌላው እንዴት እንደከፈተ ነው።

ምክንያቱም ፈንዲቃ ውስጥ ልጆች የሚያድጉበት መንገድ ፎርም ሞልተህ፣ ኦዲሽን ቆመህ አልነበረም። አንድ ልጅ አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ሳየው ከበሮ ተሸክሞ የሚያስገባ፣ ጠርሙስ የሚያነሳ ነበር። ሁሌ የሚቆመው ግድግዳው ስር ነው፣ አይኑ ግን ከተወዛዋዦቹ እግር አይነቀልም። ሰው ሁሉ ትከሻ ትከሻ ሲያይ እሱ እግር ነው የሚያየው። የሆነ ጊዜ ላይ ግድግዳው ስር ቆሞ ትከሻው ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀስ ጀመር፣ ሳያውቀው ነው መሰለኝ። ከዛ አንድ ሌሊት፣ ቤቱ ሳሳ ብሎ ስድስት ሰባት ሰው ስንቀር አንዷ ተወዛዋዥ ሄዳ እጁን ይዛ መሀል አመጣችው። የወሎ ነበር የሚመታው። ጨነቀው፣ አንገቱን ደፋ፣ ከበሮ መቺው አይቶት ምቱን ቀስ አደረገለት፣ በቃ ለሱ ሲባል ዘፈኑ ዘገየ። ከዛ ገባበት። በሌላ ጊዜ ስሄድ እሱ ነው መሀል ላይ ያለው፣ ግድግዳው ስር ደሞ ሌላ ልጅ ቆሟል።

ይሄን ትምህርት ቤት ውስጥ አታገኘውም። ትምህርት ቤት አያስፈልግም እያልኩ አይደለም፣ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያወጣቸው ልጆችም እዛ ቤት ይጫወቱ ነበር እኮ፣ ግን ከበሮ መቺ ላዲስ ልጅ ብሎ ምት የሚያዘገይበት ቦታ ልጁን ፊት ለፊት የሚያይበት ቦታ መሆን አለበት። መድረኩ ከፍ ካለ አያየውም።

ሌላው ቅልቅሉ ነው። አንዱ ቀን አዝማሪ፣ ሌላው ቀን ነጋሪት ባንድ የኢትዮ ጃዝ፣ ሌላ ቀን ግጥም፣ ከጎን ጋለሪው ውስጥ ስእል። ከውጭ የመጣ ሙዚቀኛ አዲስ አበባ ካደረ ማታ እዛ ነበር የሚገኘው፣ ሳክስፎኑን ይዞ ይገባና ከማሲንቆው ጋር ይነጋገራል። መላኩ ራሱ ከሆላንዱ ዘ ኤክስ ባንድ ጋር፣ ነፍሱን ይማረውና ከጌታቸው መኩሪያ ሳክስፎን ጋር አብሮ ዞሯል። የኔ ጓደኛ ሰአሊ ናት፣ ስእሏን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰቀለችው እዛ ነው። ሌሎች ጋለሪዎች ሲቪ አምጪ ሲሏት ነበር። እዛ ግን ስእሉን አምጪው ነው ያሏት። በመክፈቻው ቀን እናቷ መጥተው ስእሉን አይተው ምንም ሳይሉ ቆዩና አዝማሪው ስለ ልጃቸው ሲገጥም ነው ያለቀሱት። ስእሉ ያልነገራቸውን ማሲንቆው ነገራቸው።

እንግዲህ ያ ቤት ፈረሰ። ብዙ አልልም፣ ከተማ ይቀየራል፣ የካዛንቺስ ብዙ ቤቶች እርጅና የተጫናቸው፣ ሽንት ቤት እንኳን በጋራ የሚጠቀሙ እንደነበሩ አክስቴ ቤት ያደርኩ ልጅ ነኝና አውቀዋለሁ። ግን ሀዘኔን አልደብቅም። ከዛ በኋላ ፈንዲቃ መስቀል አደባባይ አካባቢ ያለ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ዝግጅቱን እያቀረበ ነው፣ ተጠግቶም ቢሆን መኖሩ ትልቅ ነገር ነው፣ ቦታ የሰጡትን እግዜር ይስጣቸው፣ ልጆቹ ያለ ስራ አልተበተኑም።

አሁን ሰው ሁሉ የሚያወራው ፈንዲቃ የራሱ አዲስ ቤት ሲኖረው ስለሚለው ነው፣ እኔም ቀኑን እናፍቃለሁ። የሚሰራው ማንም ይሁን ማን፣ አርክቴክቱም ገንዘብ የሚሰጠውም፣ አንድ አደራ ነው ያለኝ። ስቴጁን ከፍ አታድርጉት። ብትችሉ ጭራሽ አትስሩት። ፎቅ ይሁን፣ ጋለሪው ይስፋ፣ ልምምድ ክፍል ይኑረው፣ ሳውንዱ ይስተካከል፣ ከውጭ ለሚመጣ አርቲስት ማደሪያ ይኑረው፣ ግን ከዛ ሁሉ መሀል አንዲት ጠባብ ክፍል ተዉልን፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ወለሏ ከእንግዳው ጋር እኩል የሆነ፣ ግድግዳዋ ስር አንድ ልጅ ቆሞ እግር የሚያይባት ቦታ ያላት።

እንደዚህ አይነት ቤት አዲስ ሆኖ መሰራት አይችልም የሚል ካለ መካኒሳ ሄዶ ዞማ ሙዚየምን ይይ። አርቲስቱ ኤልያስ ስሜና የኤግዚቢሽን አዘጋጇ መስከረም አሰግድ ናቸው ያቆሙት፣ እ.ኤ.አ በ2019 ነው ለህዝብ የተከፈተው፣ ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፣ አያቶቻችን ቤት ሲሰሩ በሚያቦኩት ጭቃ፣ ላዩ ላይ በእጅ የተሰራው ቅርጽ ደሞ አይን አይጠግበውም። እዛ ግቢ ስትገባ ቤቱ ራሱ ስራ እንደሆነ ይገባሃል፣ ስእል መስቀያ ብቻ አይደለም። በጭቃ ይሄን ያህል ከተቻለ ለአዝማሪ የሚሆን አንድ ክፍል አቅቶን አይደለም።

የመጨረሻ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ከታክሲው ቀን በኋላ አላስችል ብሎኝ ቅዳሜ ገላን ጉራ ሄድኩና አክስቴን "ዛሬ ፈንዲቃ እወስድሻለሁ" አልኳት። "አሁን በስተርጅና" አለች፣ ግን ቀሚሷን ስትቀይር አየኋት። አዲሱ ቤቷ ንጹህ ነው፣ ውሃ አለው፣ እንጀራዋን አሁን የምትጋግረው በኤሌክትሪክ ነው፣ ሌሊት የምትነሳው በስልክ ነው፣ ልጇ ሞልቶላት።

ሆቴሉ ጋ ስንደርስ ነጠላዋን አስተካክላ ክንዴን ያዘች። ወንበሩ ለስላሳ ነው፣ መሀል መቀመጥ አልፈለገችም፣ ጥግ ያዝን። ማሲንቆው ብቻውን ሲጀምር ምንም አላለችም፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ዝም። እስክስታው ሲመጣ አንዱ ተወዛዋዥ ከመድረኩ ወርዶ በጠረጴዛዎቹ መሀል እየመጣ እኛ ጋ ደረሰ፣ ፊቷ ቆሞ ትከሻውን ሰጣት። አክስቴ አየችውና "ያንተን ድምጽ አውቀዋለሁ፣ ጎረቤትህ ነበርኩ" አለችው፣ በጩኸቱ አልሰማትም መሰለኝ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቷን ሳመ። ስትመርቀው ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው ያየሁት።

ከዛ ከበሮው ተቀየረ፣ ጉራጊኛ ገባ፣ ሰዉ እያጨበጨበ ተነሳ። አክስቴ ደንግጣ ቦርሳዋን አነሳች። "ኧረ ተነሽ፣ እኩለ ሌሊት ሆኗል፣ ልጆቹ ይጨነቃሉ" አለችኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ገና ሶስት ተኩል ነው።