እህቴ ትርፉን፣ እኔ ጉድለቱን

ደሴ ላይ ከታናሽ እህቴ ጋር ልብስ እንሰፋለን። ለረጅም ጊዜ የሁለታችንም ሕልም አንድ ነበር፤ የራሳችን ኦቨርሎክ፣ የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚመታ ማሽን። እስክንገዛው ድረስ የተሰፋውን ልብስ ተሸክመን ሰው ቤት ነበር የምናስመታው።

ግባችን አንድ ቢሆንም አካሄዳችን ለየቅል ነው። እህቴ «ማሽኑ ቢመጣ ለመስከረም ስንት ዩኒፎርም እናወጣለን!» ስትል ጉልበት ታገኛለች። እኔን ይሄ ወሬ አያንቀሳቅሰኝም። «የዕቁብ ቀን እንዳያልፍሽ» ካሉኝ ግን እንቅልፍ የለኝም።

የኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቶሪ ሂጊንስ ይህንኑ ልዩነት አጥንቶታል። አንዱ ሰው ለማግኘት ይጓጓል፣ ሌላው ላለማጣት ይጠነቀቃል። እ.ኤ.አ. በ2003 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት በጣም ገርሞኛል። ተሳታፊዎቹ ከቡና ኩባያና ከእስክሪብቶ እንዲመርጡ ተደረገ። ገሚሱ «ብመርጠው ምን አገኛለሁ?»፣ ገሚሱ «ባልመርጠው ምን ያመልጠኛል?» ብለው እንዲያስቡ ተነገራቸው። ኩባያውን ከመረጡት መካከል አስተሳሰቡ ከባሕርያቸው ጋር የገጠመላቸው ሰዎች ለዚያው ኩባያ ከፍ ያለ ዋጋ ሰጡ።

«ትልቅ አልም» ሲባል ልቡ የማይነሳ ሰው ሰነፍ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ በዚህ አልስማማም። ራሴን በምኞት መገፋፋቱን ተውኩት። ደብተሬ ላይ እንዳይጓደል የምፈልገውን ብቻ መጻፍ ጀመርኩ፤ ዕቁብ፣ የቤት ኪራይ፣ የደንበኛ ቀጠሮ። እያንዳንዱ ጨርቅ ላይ ቀኑ የተጻፈበት ወረቀት በስፒል ይያዛል። ቀብድ ተቀብሎ ቀጠሮ ማፍረስ ለእኔ ነውር ነው። እጄን የሚያፈጥነውም እሱ ነው።

ዕቁቡ ሲወጣልን ኮምቦልቻ ያገለገለ ኦቨርሎክ ተገኘ። እህቴ «እታለም፣ በዚህ ዋጋ ደግመን አናገኘውም፣ ዛሬውኑ እንውሰደው» አለች። እኔ «መለዋወጫ ብናጣስ?» አልኩ። ዋጋውን እሷ ተከራከረች። እኔ መካኒክ ይዤ ሄድኩና ወፍራም ጨርቅ አስመታሁበት፤ ክር አልበጠሰም። ገዛነው።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የተከፋፈልነው እንዲህ ነው። ዕድል ፈልጋ የምታመጣው እሷ ናት፣ የምፈትሸው እኔ። ፈትሼ እንከን ካጣሁ ግን «ቆይ እስቲ» ማለት አይፈቀድልኝም፤ የመጨረሻው ቃል የእሷ ነው። ጠንቃቃ ሰው ገደብ ካልተበጀለት ፍተሻው ማለቂያ የለውም።

ሰሞኑን ደግሞ የአንድ ትምህርት ቤት ዩኒፎርም በሙሉ እንውሰድ እያለች ነው። እኔ የቀብዱን ነገር እያጣራሁ ነው።