የአባቴን ቮልስ ራሴ ስበይድ የተማርኩት

ገዢው የመጣው ከአጋሮ ነበር። ሞተር አላስነሳም፣ ኮፈንም አልከፈተም። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ትንሽ ማግኔት አወጣና የግራውን ፓራፋንጎ፣ የጎማውን መሸፈኛ ብረት፣ ከላይ እስከ ታች ዳበሰበት። ላይ ላዩን ያዘች። መብራቱ አጠገብ ስትደርስ ላላች። ከጎማው ኋላ ታች ስትደርስ ወደቀች። «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ ብረት አይደለም» አለኝ። ከዚያ በሹፌሩ በኩል ምንጣፉን ገልጦ ወለሉን በአውራ ጣቱ ተጫነው። ጣቱ ገባ።

አልገዛም። እኔም ከዚያ በኋላ ልሸጣት ልቤ እሺ አላለኝም። አባዬ ከሃያ ዓመት በላይ የነዳት መኪና ናት። 1966 እ.ኤ.አ. የተሠራች፣ ባለ 1300 ሞተር፣ የፊት መብራቷ ወደ ኋላ ጋደል ያለው ዓይነት። አባዬ ባጠባት ቁጥር ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ እንደነበር ያነሳ ነበር። ለእሱ ታሪክ የነካት መኪና ናት። ዝገት ብቅ ሲል ጋራዥ ይወስዳታል፣ ስቱኮ፣ ማለትም ጉድለት የሚሞላ ልጥፍ፣ ይለጥፉባታል፣ ቀለም ይነፉባታል፣ አምራ ትመለሳለች። በዓመቱ ግን ያው ቦታ ተመልሶ ያብጣል። ያ ሁሉ ዓመት የተለጠፈውን ነው የአጋሮው ሰውዬ በአንድ ማግኔት ያሳየኝ።

እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ብረት ነክቼ አላውቅም። ኅዳር 2015 ላይ ጀምሬ ጥር 2017 ጨረስኩ። ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነበር የምሠራው፣ ጅማ ሄርማታ ሰፈር፣ ግቢያችን ውስጥ ባለች አንዲት የቆርቆሮ ጥላ ሥር።

መጀመሪያ መዶሻና ግራይንደር ተከራይቼ መጣሁ። ሰፈራችን ውስጥ ዕድሜያቸውን በባትላሜራ፣ የመኪና አካል ቀጥቅጦ በማስተካከል ሥራ የጨረሱ አንድ ሽማግሌ አሉ፣ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። መጥተው አዩዋትና ግራይንደሩን ከእጄ ተቀበሉኝ። «ልጄ፣ ውሃው ከየት ነው የሚገባው?» አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። «እንግዲያው ምን ልትቆርጥ ነው?»

የዚያን ቀን የሠራነው ሥራ ብየዳ አልነበረም። እህቴ የእጅ ባትሪ ይዛ ውስጥ ተቀመጠች፣ እኔ በጆግ ውሃ አፈሳለሁ፣ ከጣሪያው ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ታች። «ገባ!» ስትል አቆምና በጠመኔ ምልክት አደርጋለሁ። ሦስት ቦታ አገኘን። አንደኛው የፊት መስታወቱ ጎማ ነው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ውሃው ከዳሽቦርዱ ኋላ ወርዶ ምንጣፉ ሥር ይተኛል። ሁለተኛው በሮቹ ናቸው። የቮልስ በር ታች ውሃ የሚወጣባቸው ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉት፣ የእኛዋ ግን በቀይ አፈር ተደፍነው በሩ ውሃ ይቋጥር ነበር። ሦስተኛው ከኋላ ወንበር ሥር በቀኝ በኩል፣ ባትሪው ያለበት ቦታ ነው። እዚያ ከውሃው ይልቅ የባትሪው አሲድ ነው ወለሉን የበላው። ጅማ ዝናቧን ታውቃላችሁ፤ ክረምቱ ቶሎ ይገባል፣ ቶሎም አይወጣም። እዚህ ምንጣፍ ሥር የተኛ ውሃ ለወራት አይደርቅም። እናንተም መኪናችሁን ለመጠገን ካሰባችሁ ከዚህ የውሃ ምርመራ ጀምሩ፤ ከአንድ ጆግ ውሃ በላይ ወጪ የለውም።

ከዚያ መፍታት። ቮልስን ለጀማሪ ጥሩ የሚያደርጋት ይሄ ነው፤ አራቱም ፓራፋንጎዎች በብሎን ነው የታሰሩት፣ አካሉም ከነጣሪያው ከወለሉ ጋር በብሎን ነው የተያያዘው። ችግሩ ብሎኖቹ ዝገው አብረው መሞታቸው ነው። በጉልበት የፈታኋቸው ሁሉ ተሰበሩ። በኋላ ነው ዘይት እየቀባሁ ማሳደር፣ በማግስቱ ትንሽ ማሞቅ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያወዛወዙ መፍታት የለመድኩት። ቤንዚን ታንኩ ደግሞ ከፊት ኮፈን ሥር ስለሆነ እሳት ከመነካቱ በፊት መውጣት አለበት። ባዶ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ በታንኩ ውስጥ የሚቀረው ትነት ከቤንዚኑ ይልቅ ያስፈራል። እኔ አውጥቼ ግቢው ሌላ ጫፍ ወስጄ አስቀመጥኩት። ባትሪውንም ፈታሁ።

የግራው ፓራፋንጎ አይድንም ብዬ አዲስ አበባ የመኪና ዕቃ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄጄ ሌላ ገዛሁ። ቮልስ ሜክሲኮ አገር ውስጥ እስከ 2003 እ.ኤ.አ. ድረስ ስትመረት ስለነበር ዕቃዋ እስካሁን አልጠፋም። በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ጭኜ፣ በግቤ በረሃ አልፌ፣ ጅማ ይዤ መጣሁ። ሳስጠጋው አልገጠመም። ከ1968 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ መብራቱ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሆኗል፣ የፓራውልቱ ቦታም ተቀይሯል። እኔ ደግሞ «የቮልስ ፓራፋንጎ» ብዬ ነው የጠየቅሁት። ሻጩ አላታለለኝም፣ የጠየቅሁትን ነው የሰጠኝ። ዕቃ ልትገዙ ስትሄዱ ዓመቱን ጻፉ፣ የድሮውን ዕቃ ፎቶ አንስታችሁ ያዙ፣ ከተቻለ ዕቃውን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ።

በዚህ ምክንያት ነው የድሮውን ማዳን የተማርኩት፣ ዛሬ ሳስበው ደግሞ ከሁሉም ሥራ የወደድኩት እሱን ነው። ስቱኮውን በሙሉ ፋቅሁት። አንዳንድ ቦታ የጣት ውፍረት ነበረው። ከሥሩ የወጣው ብረት ግማሹ የተጨማደደ፣ ታችኛው ጫፍ ደግሞ እንደ ወንፊት የተበሳሳ ነበር። ጋሼ ሁለት ነገር አምጣ አሉኝ። አንደኛው የቡና ጆንያ ነው። ቆርጬ ሰፋሁትና አሸዋ ሞላሁበት። ላሜራ በጠንካራ ነገር ላይ ሲመታ ይጠፈጠፋል፣ በአሸዋ ጆንያ ላይ ሲመታ ግን ጎድጎድ እያለ ቅርጽ ይይዛል። ሁለተኛው እንጨት ነው። ጅማ በርጩማ ጠራቢ አይታጣም፤ ለአንዱ የቀኙን ፓራፋንጎ ጎባጣ አሳየሁትና ከወይራ ልክ እንደዚያ ዓይነት ጉብታ ያለው፣ እጅ ውስጥ የሚገባ ድጋፍ ጠረበልኝ። ለምን እንደሆነ ስነግረው ሳቀ፣ ግን ከብዙ ብረት የተሻለ ሠራልኝ።

የጎደጎደ ብረት ማስተካከል ማለት ከውስጥ ጉብ ያለውን መምታት ይመስለኝ ነበር። አይደለም። ድጋፉን ከውስጥ ጎድጓዳው ላይ ትይዛለህ፣ ከውጭ ደግሞ ዙሪያውን ያበጠውን ጠርዝ ትመታለህ፣ በቀላሉ፣ በብዛት። ድጋፉ እየገፋ ጎድጓዳው ይነሳል። እኔ መጀመሪያ ላይ ድጋፉ ባለበት ላይ እየመታሁ ብረቱን በመዶሻውና በድጋፉ መሀል ቀጠቀጥኩት። የተቀጠቀጠ ብረት ይሰፋል፤ ከሰፋ ደግሞ ቦታ አይበቃውም፣ በጣት ስትጫነው እንደ ጣሳ ክዳን ጧ እያለ ይገባል ይወጣል። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ እሱን ስመታ ዋልኩ፣ በመታሁት ቁጥር ይብሳል። ጋሼ መጥተው በአሲታይሊን ጋዝ እሳት የሳንቲም ያህል ቦታ ብቻ እስኪቀላ አሞቁና፣ በድጋፍ ይዘው ሁለት ሦስቴ ነካ ነካ አድርገው፣ ወዲያው በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዙት። ተሰበሰበ። ሦስት ቦታ እንደዚያ አደረጉና ብረቱ ዝም አለ። በዓይኔ ባላየው አላምንም ነበር።

ትልቁ ጥፋቴ ከበሮቹ ሥር ነው። ቮልስ ከበር ሥር በሁለቱም ጎን ከፊት እስከ ኋላ የሚሄድ ባዶ የብረት ሳጥን አላት። የሞተሩ ሙቅ አየር ወደ ውስጥ የሚመጣው በእሱ ነው፣ አካሉን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውም እሱ ነው። የእኛዋ በቀኝ በኩል ሙሉ በሙሉ በስብሶ ነበር። እኔ በጉጉት አንድ እሁድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆርጬ አወጣሁት። ማታ በሩን ልዘጋ ስል አልዘጋ አለኝ። አካሉ ወደ መሀል ሰምጧል፤ የበሩ ክፍተት ከላይ ተጣብቋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ የአባዬን መኪና ገደልኳት ነው ያልኩት።

የዳነችው እንዲህ ነው። ክሪክ ከሥር አስገባን፣ በክሪኩና በአካሉ መሀል ወፍራም ጣውላ አደረግን፣ በቀን ጥቂት ጥቂት ብቻ እያነሳን፣ የበሩን ዙሪያ ክፍተት በተመሳሳይ ውፍረት ባለው ካርቶን እየለካን አስተካከልነው። ከዚያ ቱቦላሬ ብረት ከፊተኛው የበር ቋሚ ወደ ኋለኛው በሁለት ቦታ በየድን። መሆን የነበረበት ከመቁረጥ በፊት ነው። በግራ በኩል ስሠራ መጀመሪያ ቱቦላሬውን በየድኩ፣ በሩን ሳላወልቅ እየከፈትኩ እየዘጋሁ፣ የቆረጥኩትም ክንድ በማይሞላ ቁራጭ እየከፈልኩ ነው። ምንም አልተነቃነቀም።

ስለ ብየዳው። በተራው የኤሌክትሪክ ብየዳ በ2 ሚሊ ኤሌክትሮድ ጀመርኩ፣ የአካሉ ላሜራ ግን ከ1 ሚሊ በታች ስለሆነ እየበሳ አስቸገረኝ። ሚግ የሚባለውን፣ ሽቦ እየለቀቀ የሚበይድ ማሽን ተከራይቼ በ0.6 ሚሊ ሽቦ ስሞክር ነው መስመር የያዘው። ከኋላ የመዳብ ቁራጭ ማስደገፍ በጣም ይረዳል፣ ብየዳው መዳብ ላይ አይጣበቅም፣ ቀዳዳውም አይሰፋም። አንድ ነጥብ እዚህ፣ ቀጣዩን ከእሱ ርቆ እዚያ፣ ከዚያ ማቆምና በእጅ መንካት። ሲሞቅ መጠበቅ። መስመሩን በአንድ ትንፋሽ ከሳባችሁት ላሜራው እንደ ሞገድ ይጣመማል። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ላይ እናደድ ነበር፣ በኋላ ግን ብረቱ የሚያርፍበት ሰዓት ሆነልኝ።

አንድ አደጋ ልንገራችሁ። ለወለሉ አይዝግም ብዬ ጋልቫናይዝድ ላሜራ ገዛሁ፤ ሳልፍቀው፣ በጠባብ ጥላ ሥር ጎንበስ ብዬ ስበይድ ዋልኩ። ነጭ ጭስ ነበረው። ማታ ብርድ ብርድ አለኝ፣ ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ አፌ ውስጥ የብረት ጣዕም። ወባ መስሎኝ ነበር። ዚንክ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ነው እንዲህ የሚያደርገው። በማግስቱ ተሻለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ግን ተራውን የ1 ሚሊ ላሜራ ነው የምጠቀመው፣ ግድ ከሆነ ደግሞ የሚበየደውን ጠርዝ ፍቄ፣ በግልጽ ቦታ፣ ነፋሱን ከጀርባዬ አድርጌ።

የባትሪውን ቦታ አሲዱ ኃይሉን እንዲያጣ በቤኪንግ ሶዳና በውሃ ደጋግሜ ካጠብኩት በኋላ ነው አዲስ ወለል የበየድኩበት። ባትሪው ላይም የፕላስቲክ ክዳን አደረግሁ፤ የኋላ ወንበሩ ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ከነካ እሳት ያስነሳል።

ስቱኮ መጥፎ ነገር አይደለም። አባዬን የበደለው ስቱኮው አይደለም፣ ዝገትና ቀዳዳ ላይ መለጠፉ ነው። ንጹሕ ብረት ላይ፣ ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሳይበልጥ፣ የመጨረሻዋን ትንሽ ጉድለት ለመሙላት ከሆነ ይቆያል። ውሃ ግን ይጠጣል። ከቀለም በፊት የሚቀባው ፕራይመርም እንደዚያው ነው፤ የተቀባ ስለሚመስል ያታልላል እንጂ እርጥበት ያሳልፋል። እኔ ፕራይመር ቀብቼ ግንቦት ላይ ውጭ አቆምኳትና ከሳምንታት በኋላ ከሥሩ ቡናማ ነጠብጣብ ብቅ አለ። ሁሉንም እንደገና ፋቅሁት። ሲፋቅ ደግሞ በመዳፍ አይሁን፤ ብርጭቆ ወረቀቱን ቀጥ ባለ ጣውላ ላይ ጠቅልሉት። ከመፋቃችሁ በፊት ጥቁር ቀለም ስስ አድርጋችሁ ንፉበት፤ ጥቁሩ የቀረበት ቦታ ጎድጓዳ ነው፣ ቀድሞ የተላጠው ደግሞ ጉብ ያለው ነው።

ቀለሙን ለጥር አቆየሁት። ሐምሌ ላይ በአንድ በር ሞክሬ ቀለሙ ሲደርቅ ነጭ ጭጋግ ለበሰ፣ እርጥበቱ ነው። ኮምፕረሰሩም ውስጡ ውሃ ያጠራቅማል፤ ከመንፋታችሁ በፊት ታንኩን ከሥር ክፈቱና አፍስሱት፣ መስመሩ ላይም የውሃ ማጣሪያ ይኑር። ሃርድነር (ማጠንከሪያ) የሚቀላቀልበት ቀለም ከሆነ ደግሞ የጨርቅ ጭምብል አይበቃም፤ ሳንባ ይጎዳል። ለቀለም ሥራ የተሠራውን ባለ ካርትሪጅ ጭምብል ፈልጉ።

ተገጣጥማ ካለቀች በኋላ እናቴን ከፊት አስቀምጬ ጅሬን ወጣን፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ስንመለስ ያልጠበቅነው ዝናብ ያዘን፣ በጥር። እናቴ ምንም ሳትለኝ ጎንበስ ብላ ምንጣፉን ገለጠችና በእጇ ዳበሰች። በእሷ በኩል ደረቅ ነው። ቤት ስንደርስ በእኔም በኩል ገለጥኩት። ከፍሬኑ ፔዳል ኋላ የሻይ ማንኪያ የምትሞላ ውሃ አለች። የመስታወቱ ጎማ የግራ ማዕዘን ነው፣ በደንብ አልተቀመጠም። ቅዳሜ ጋሼ ይመጣሉ፣ እህቴም የእጅ ባትሪዋን ይዛ ትገባለች።