የዋልታ በረሃ አፈር ካርቦን፦ ከልጋጉ እስከ መለኪያው

በአንታርክቲካ የሚገኙት የማክመርዶ ደረቅ ሸለቆዎች አፈር ላይ ላዩን ሲያዩት ጠጠርና አሸዋ ብቻ ነው። በዓመት የሚወርደው በረዶ ቀልጦ ቢለካ ከ3 እስከ 50 ሚሊ ሜትር ውኃ ይሆናል፤ አብዛኛው ግን ሳይቀልጥ በቀጥታ ወደ አየር ይተናል። ሥር የለም፣ የሚረግፍ ቅጠልም የለም። ቢሆንም ኦርጋኒክ ካርቦን አለ፤ በብዙ ቦታ ከአፈሩ ክብደት 0.1 በመቶ እንኳ አይሞላም። መጠኑ ይህን ያህል ሲያንስ የአለካክ ስሕተት ከሚለካው ነገር ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያው ከመከፈቱ በፊት ካርቦኑን ማን እንደሠራውና ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ ማወቅ ይቀድማል።

ዋነኞቹ ሠሪዎች ሳያኖባክቴሪያዎች ናቸው፤ በብርሃን ምግባቸውን የሚሠሩ ባክቴሪያዎች ማለት ነው። በበጋ ከበረዶ ግግር በሚወርዱ ጅረቶች ውስጥና በሐይቆች ዳር ምንጣፍ ይዘረጋሉ። ጥቁሩ ምንጣፍ በአብዛኛው ኖስቶክ የተባለው ሳያኖባክቴሪያ ነው፤ የሚያጠቁረው ከአልትራቫዮሌት ጨረር የሚከልለው ስኪቶኔሚን የተባለ ቀለም ነው። የደረቀ ኖስቶክ በጣት መካከል እንደ ስስ ወረቀት ይፈረፈራል። ውኃ ጠብ ሲልበት ግን ወዲያው ያብጥና ይለሰልሳል። ለዚህ እብጠት ዋናው ምክንያት ሕዋሳቱ ዙሪያቸውን የሸፈኑበት ዝልግልግ የስኳር ሰንሰለት ነው። ይህ ልጋግ ውኃ ይይዛል፣ ድርቀቱን ያዘገያል፣ የአሸዋ ቅንጣቶችንም እርስ በርስ ያጣብቃል። ሕዋሱ ሲሞት ልጋጉ ይቀራል። እዚህ ብስባሽ የምንለው ነገር መነሻው እሱና የሞቱ ሕዋሳት ናቸው። እንዳይበሰብስ የሚጠብቀውም ቅዝቃዜና ድርቀት ነው፤ በዚህ አሸዋማ አፈር ካርቦን አጥብቆ የሚይዝ የሸክላ ቅንጣት እምብዛም አይገኝም።

የዚህን ልጋግ አቅም እ.ኤ.አ. በ1995 የተደረገ ሙከራ በግልጽ ያሳያል። ለ20 ዓመታት ያህል ደርቆ ወደ ቆየ የጅረት መውረጃ ውኃ ሲመለስ፣ የደረቀው ምንጣፍ በቀናት ውስጥ ብርሃነ አስተፃምሮ ጀመረ።

ከጅረት ርቆም ሕይወት አለ። ብርሃን የሚያሳልፍ የኳርትዝ ድንጋይ ሲገለበጥ ከሥሩ አረንጓዴ ሽፋን ይታያል፤ በአሸዋ ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥም ሳያኖባክቴሪያና ሊከን ይኖራሉ። ነገር ግን ካርቦን የተገኘበት ቦታ ሁሉ የተሠራበት አይደለም። ነፋስ የደረቀውን ምንጣፍ ሰባብሮ ወደ ሜዳው ይበትነዋል። በቴይለር ሸለቆ ደግሞ ጥንት ሰፊ ሐይቅ ነበር፤ የዚያ ሐይቅ ቅሪት ዛሬም ከአዲሱ ካርቦን ጋር ተቀላቅሎ ይገኛል።

ወደ ልኬቱ እንሂድ። በ550 ዲግሪ አቃጥሎ የክብደት ቅነሳን ማየት እዚህ አያዋጣም፤ የጂፕሰምና የሌሎች ጨዎች ውኃ አብሮ ስለሚወጣ ኦርጋኒክ ቁስ ይመስላል። የሚያስተማምነው አቃጥሎ ጋዙን የሚለካው የካርቦን መሣሪያ ነው፤ እሱንም ቢሆን ካርቦኔት፣ ማለትም ኦርጋኒክ ያልሆነ የማዕድን ካርቦን፣ ያሳስተዋል። የካልሲየም ካርቦኔት 12 በመቶ ካርቦን ነው። አፈሩ 0.03 በመቶ ኦርጋኒክ ካርቦንና 0.5 በመቶ ካርቦኔት ቢኖረው፣ ከካርቦኔቱ ብቻ 0.06 በመቶ ይመጣል፤ ውጤቱ ሦስት እጥፍ ሆኖ ይነበባል ማለት ነው።

ካርቦኔቱን በፈሳሽ አሲድ አጥቦ ማስወገድ ቀላል ይመስላል፤ ግን በውኃ የሚሟሟው የልጋጉ ስኳር አብሮ ይደፋል። የአሲድ ትነት ይሻላል። 50 ሚሊ ግራም የተፈጨ አፈር በብር ካፕሱል መዝኑ፤ ቆርቆሮ ካፕሱልን አሲድ ይበላዋል። በ50 ማይክሮ ሊትር ውኃ አርጥቡት፤ ደረቅ አፈር ላይ ትነቱ በደንብ አይሠራም። ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር 12 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ከያዘ ቢከር ጋር በመስታወት ደሲኬተር (ጥብቅ ክዳን ባለው ዕቃ) ውስጥ 6 ሰዓት ይቆይ፤ ይህ የሚሠራው በጭስ ማውጫ ካቢኔ ውስጥ ብቻ ነው። በመጨረሻ በ60 ዲግሪ አድርቁት። ክብደቱን ከአሲዱ በኋላ አትመዝኑ፤ የሚፈጠረው ካልሲየም ክሎራይድ እርጥበት ስለሚስብ ቁጥሩን ያዛባል። ብሩም ስለሚሰባበር በቆርቆሮ ካፕሱል ደግማችሁ ጠቅልሉት።

0.03 በመቶ ኦርጋኒክ ካርቦን ባለው አፈር፣ በ50 ሚሊ ግራም ውስጥ ያለው ኦርጋኒክ ካርቦን 15 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው። የጣት ቅባት ወይም የጓንት ብናኝ ይህን ሊያበላሽ ይችላል። ፎይልና መስታወት በ450 ዲግሪ ለ4 ሰዓት ይቃጠሉ፤ ባዶ ካፕሱሎችም በዚያው ሂደት አልፈው ይለኩና ከውጤቱ ይቀነሱ።

የካርቦን-13ን (ከተለመደው ካርቦን የሚከብደውን ዓይነት) ምጣኔ ተጠቅማችሁ ምንጩን ለመለየት ካሰባችሁ ጥንቃቄው ይጨምራል። የሐይቅ ምንጣፍ ካርቦን በድንጋይ ውስጥ ከሚኖሩት ይልቅ በካርቦን-13 የበለጸገ ነው፤ ካርቦኔትም እንዲሁ። አሲዱ ያልደረሰበት ጥቂት ካርቦኔት ከቀረ አፈሩ የጥንት ሐይቅ ቅሪት ያለበት ይመስላል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ዙር ሁለት ናሙና ወስዳችሁ ትነቱን ለተጨማሪ 6 ሰዓት ድገሙ፤ ምጣኔው ከተለወጠ የመጀመሪያው ዙር አልበቃም ማለት ነው።