ሳይታተም የሚሸጥ ጨዋታ

ከብዙ ጊዜ በፊት ያዘዝኩት የጦርነት ቦርድ ጌም (በጠረጴዛ ላይ በካርታ የሚጫወቱት) በቅርቡ ወደ ማተሚያ ቤት ሊገባ ነው የሚል መልእክት ዛሬ ደረሰኝ። በጣም ደስ አለኝ። ቆይቼ ግን ማሰብ ጀመርኩ። ገና ላልታተመ ነገር የባንክ ካርዴን አስመዝግቤ በትዕግስት የምጠብቀው ለምንድን ነው? የዚህን ገበያ ታሪክ ሳስበው ሁሌም የሚመጣብኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ አሳታሚና ተጫዋች ምን ያህል ይተማመኑ ነበር?

ሲጀመር ነገሩ ትንሽ ነበር። ቻርልስ ሮበርትስ የተባለ አሜሪካዊ በ1954 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) «ታክቲክስ» የተባለ ጨዋታ ራሱ አሳትሞ በፖስታ ይሸጥ ጀመር። በ1958 ደግሞ አቫሎን ሂል በተባለው ኩባንያው ስም በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የተካሄደውን የጌቲስበርግን ውጊያ በጨዋታ መልክ ለገበያ አወጣ። ካርታው፣ ሠራዊቱን የሚወክሉት ትንንሽ ካርቶኖች፣ ዳይስ ተጥሎ የውጊያውን ውጤት የሚወስነው ሠንጠረዥ፣ ሁሉም የዚያ ዘመን ሥራ ናቸው። የካርታው ባለ ስድስት ጎን ክፍልፋዮች ትንሽ ዘግይተው መጡ። ኩባንያው ዕዳ ሲበዛበት ሮበርትስ ለቀቀ፤ ስሙ ግን በሌሎች እጅ ቀጠለ።

ልቤ የሚያደላው ለ1970ዎቹ ነው። ጂም ዳኒጋን ኒው ዮርክ ላይ ኤስፒአይ የተባለ የጨዋታ አሳታሚ አቋቁሞ በ1969 «ስትራቴጂ ኤንድ ታክቲክስ» የተባለውን መጽሔት ተረከበ። መጽሔቱን ስትከፍተው ውስጡ አንድ ሙሉ ጨዋታ ታገኛለህ፤ ካርታውም፣ ካርቶኑም፣ ሕጉም። ከዚያ ደግሞ መጠይቅ አለ። የትኛውን ጦርነት እንሥራ? የትኛውን ትገዛለህ? አንባቢው ሞልቶ ይልካል፣ መልሱ ይቆጠራል፣ ቀጥሎ የሚሠራው ጨዋታ በዚያ ይወሰናል። ብዙ ተጫዋች ብቻውን እንደሚጫወት የታወቀውም በእነዚህ መጠይቆች ነው። እኔም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱንም ወገን ራሴ ስለማንቀሳቅስ፣ ይህን ሳነብ ወገን ያገኘሁ ያህል ተሰማኝ። አንድ ኩባንያ ደንበኛውን እንዲህ ቀርቦ ሲጠይቅ እወዳለሁ።

ከዚያ 1982 መጣ። ኤስፒአይ ገንዘብ አጠረው። «ዱንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» የተባለውን የምናብ ጨዋታ በወቅቱ ያሳትም የነበረው ቲኤስአር አበደረው፤ ብዙም ሳይቆይ ብድሩን ጠየቀና ድርጅቱን ጠቀለለው። አስቀድመው ለመጽሔቱ የከፈሉትን ደንበኞች ግን አላውቃችሁም አላቸው። ከእነሱ ውስጥ የዕድሜ ልክ ደንበኝነት የገዙም ነበሩ። ሳስበው ዛሬም ያናድደኛል። ሲጠየቁ መልስ የሰጡት፣ ገንዘባቸውን ያስቀደሙት፣ ገበያውን ያቆሙት እነዚያው ሰዎች ናቸው።

ብዙ ሰው የጦርነት ጨዋታ ገበያ ለመውደቁ ጥፋቱን በኮምፒውተር ላይ ይጥላል። ኮምፒውተርማ ድርሻ አለው። ሕጉን አይረሳም፣ ሒሳቡን ራሱ ይሠራል፣ በፈለግክ ሰዓት ተጋጣሚ ይሆንሃል። በ1993 የወጣው «ማጂክ» የተባለው የካርድ ጨዋታም የሱቁን መደርደሪያና የወጣቱን ኪስ ወሰደ። ጨዋታዎቹም ራሳቸው እየከበዱ ሄዱ፤ የ1985ቱን «አድቫንስድ ስኳድ ሊደር» ሕግ ከፍቶ የማይደነግጥ ጀማሪ ያለ አይመስለኝም። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ለእኔ ግን ቀድሞ የከፈለን ሰው መካድ ከሁሉም ይብሳል። አንዴ የተነካ ደንበኛ በቀላሉ አይመለስም። አቫሎን ሂልም በ1998 ለመጫወቻ አምራቹ ሃስብሮ ተሸጠ።

ገበያውን ያነሳው ዘዴ ደግሞ ያው ቀድሞ ማዘዝ መሆኑ ይገርመኛል። በ1990 የተመሠረተው የጨዋታ አሳታሚ ጂኤምቲ «ፒ500» የሚባል አሠራር አመጣ። የታሰበው ጨዋታ ይገለጻል፤ የፈለገ ይመዘገባል፤ ወደ 500 ትዕዛዝ ሲደርስ ወደ ኅትመት ይሄዳል። ገንዘቡ የሚቆረጠው ጨዋታው ሊላክ ሲል ነው። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው ሳይሠራ ቢቀር ደንበኛው ምንም አይጎዳም። አሳታሚውም ማን እንደሚገዛው ሳያውቅ መጋዘን አይሞላም። በኋላ የመጣው ኪክስታርተር፣ ለሥራ ከሕዝብ ገንዘብ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ፣ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፤ እዚያ ግን ዘመቻው ከተሳካ ገንዘብህ ወዲያው ይሄዳል። ስለዚህ እኔ የመጀመሪያው ይሻለኛል።

አዲሱ አሠራር የጨዋታዎቹን ዓይነትም አሰፋ። በ2005 የወጣው «ትዋይላይት ስትራግል» ቀዝቃዛውን ጦርነት በካርድ የሚያጫውት፣ ለሁለት ሰው የተሠራ ድንቅ ሥራ ነው። በ2012 ቮልኮ ሩንኬ «አንዲያን አቢስ»ን አመጣ፤ ስለ ኮሎምቢያ ግጭት፣ አራት ወገን ያለው። ሁሉም ወገን የሚያሸንፍበት መንገድ ይለያያል። እንዲህ ያለ ርዕስ በድሮው ገበያ ቦታ የሚያገኝ አይመስለኝም። ለሁሉም ሰው መሸጥ የለበትማ! ጥቂት ግን የቆረጡ ሰዎች ይበቁታል።

የሚያሳስበኝ አንድ ነገር አለ። ቀድሞ የሚያዘው ጨዋታውን ቀድሞ የሚያውቀው ሰው ነው። ድሮ አንድ ልጅ ሱቅ ገብቶ ሳጥኑን በአጋጣሚ ያየው ነበር። ዛሬ ኅትመቱ ትንሽ ነው፤ ካለቀ በኋላ ከሰው እጅ በውድ ካልተገዛ አይገኝም። ለዚህ ነው እንደ «ሜምዋር 44» እና «አንዶንትድ» ያሉትን ቀለል ያሉ ጨዋታዎች የሚንቁ አንጋፋ ተጫዋቾች የማይገቡኝ። ሕጋቸው አጭር ነው፣ በአንድ ምሽት ያልቃሉ፣ በተራው ሱቅም ይገኛሉ። ከእነሱ የጀመረ ሰው ነገ ከባዱን ሊያዝ ይችላል።