የአሽሊ ባርቲን ስላይስ እንዴት ተለማመድኩት

አውስትራሊያዊቷ አሽሊ ባርቲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 ከቴኒስ ስትሰናበት ገና 25 ዓመቷ ነበር፤ ያቆመችውም የዓለም ቁጥር 1 እንደሆነች ነው። ቁመቷ 1.66 ሜትር ነው። ከእሷ በጣም የሚረዝሙና ባክሃንድን (የእጅ ጀርባ ወደፊት ዞሮ የሚመታውን ምት) በሁለት እጅ አክርረው የሚመቱ ተጫዋቾችን ከረታችባቸው መሣሪያዎች አንዱ በአንድ እጅ የምትመታው ስላይስ፣ ማለትም ኳሱን ከሥሩ ቆርጦ ወደኋላ የሚያሽከረክረው የባክሃንድ ምት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 የዊምብልደን ፍጻሜ 1.86 ሜትር የምትረዝመውን ካሮሊና ፕሊሽኮቫን 6-3፣ 6-7፣ 6-3 ያሸነፈችበትን ጨዋታ ማየት ይበቃል። ኳሱ ወደኋላ እየተሽከረከረ ስለሚሄድ ሣሩን ነክቶ ከፍ አይልም፤ ተንሸራቶ ያልፋል። ረጅሟ ተጫዋች ጉልበቷን አጥፋ ከታች ለማንሳት ትገደዳለች፣ የምትመልሰው ኳስ ይለዝባል፣ ያን ጊዜ የባርቲ ፎርሃንድ (በመዳፍ በኩል የሚመታው ምት) ይመጣል። ስላይስ መከላከያ ብቻ ነው የሚለውን አባባል የማልቀበለው ለዚህ ነው።

ልምምዱን የጀመርኩት ከአያያዝ ነው። ራኬቱ በጠርዙ ቆሞ መዶሻ እንደሚያዝ ይያዛል፤ ለሰርቪስ (ለማስጀመሪያው ምት) እና ለቮሊ (ኳሱ ሳይነጥር ለሚመታው) የሚያገለግለው ኮንቲኔንታል የሚባለው አያያዝ ነው። ግራ እጅ የራኬቱን አንገት ይዞ ወደኋላ ይስበዋል፤ ትከሻ አብሮ ይዞራል፣ የራኬቱ ራስ ከትከሻ በላይ ይሆናል፣ ፊቱ በጥቂቱ ወደ ሰማይ ያዘነብላል። ቀኝ እግር ወደፊት ይረግጣል፣ የሰውነት ክብደትም እዚያው እግር ላይ ያርፋል። (ግራኝ ከሆናችሁ ሁሉንም ገልብጡት።)

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። «ከላይ ወደታች ምታ» ሲባል ኳሱን እንደ እንጨት ይፈልጠዋል። ኳሱ ሽክርክሪት ያገኛል፣ የሚገፋው ኃይል ግን የለም፤ ሰርቪስ መስመሩ (በመረቡና በሜዳው ጫፍ መካከል ያለው መስመር) አካባቢ ወድቆ ቁጭ ይላል፣ ባላጋራም እንደፈለገ ይመታዋል። ራኬቱ በጥቂቱ ይወርዳል እንጂ በዋናነት የሚሄደው ወደፊት፣ ወደ ዒላማው ነው። ፊቱ ከልክ በላይ ከተከፈተ ደግሞ ኳሱ ይንሳፈፋል። ሌላው የተዘነጋ ነገር ግራ እጅ ነው፤ የራኬቱን አንገት ሲለቅ ወደኋላ መዘርጋት አለበት። አብሮ ወደፊት ከመጣ ትከሻ ቀድሞ ይከፈትና ኳሱ ወደ ጎን ያፈተልካል። የባርቲን ምት በዝግታ ስታዩ የሁለቱ ክንዶቿ መለያየት ጎልቶ ይታያል።

ለማረም የረዳኝ መረቡ ላይ ሁለት እንጨት አቁሞ ከመረቡ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ገመድ መወጠር ነው። ኳሱ በገመዱና በመረቡ መካከል ማለፍ አለበት። መጀመሪያ ጓደኛ በእጁ እየወረወረ ከሰርቪስ መስመር፣ ኳሱ ሲስተካከል ከቤዝላይን (ከሜዳው የኋላ መስመር)። አቅጣጫው ሰያፍ ይሁን፤ መረቡ መሃል ላይ 91 ሴንቲ ሜትር፣ ምሰሶው ጋ 1.07 ሜትር ነው፣ ሰያፉ መንገድም ይረዝማል። ዒላማው በሰርቪስ መስመርና በቤዝላይን መካከል ካለው 5.5 ሜትር የመጨረሻው 2 ሜትር ነው። ከነጠረ በኋላ ከጉልበት ብዙ ከፍ ካለ የራኬቱን ፊት ትንሽ መዝጋት ነው።

አዲስ አበባ ላይ ለምንጫወት አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሱን አያዘገየውም፣ ሽክርክሪቱም እንደ ቆላው አይሠራም፤ ቆላ ላይ መስመር ውስጥ የሚያርፈው ስላይስ እዚህ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ሜትር ያህል አሳጥሮ ማለም ያስፈልጋል። ከባሕር ጠለል ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ተብሎ የሚሠራ ኳስ አለ፤ ከተገኘ እሱን ግዙ፣ በተራው ኳስ እየተለማመዱ ምቱን ማጥፋት ያሳዝናል።

ባርቲ እ.ኤ.አ. በ2014 ቴኒስን ትታ ለብሪስቤን ሂት ቡድን ክሪኬት ተጫውታ ስለነበር ስላይሱን ከዚያ አገኘችው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ የዊምብልደንን የታዳጊዎች ዋንጫ በ2011 ስታነሳ ክሪኬቱ ገና አልነበረም።

ባላጋራ መረብ ላይ ሲመጣ ግን ስላይስ አይበጅም፤ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ለቮሊ ይመቻል። ባርቲም እንዲህ ላለው ጊዜ የሁለት እጅ ባክሃንድ ነበራት። ስለዚህ ከኮንቲኔንታል ወደ ሁለት እጅ አያያዝ መቀየርን ትከሻ በሚዞርበት ቅጽበት፣ ግራ እጅ አንገቱን እንደያዘ፣ ለብቻው መለማመድ ይገባል።