ሥራ ላይ ላለ ሰው መልእክት ስጽፍ

ሰሞኑን ድሬዳዋ ላለው ፋብሪካችን የኤሌክትሪክ ጥገና ባለሙያ እየፈለግን ነው። ማስታወቂያ ለጥፈናል፤ ሲቪም ተቆልሎልናል። ግን እኛ የምንፈልገው ሰው ማስታወቂያ አያነብም። ሥራ ላይ ነው። ማሽን ሲቆም የሚጠራ፣ ማሽን ሲነሳ የሚረሳ ዓይነት ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ፈልጎ አግኝቶ መጻፍ የግድ ነው። የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ ከምሠራው ሁሉ በጣም የምወደውም፣ በጣም የምጨነቅበትም ይሄ ነው።

በየቴሌግራሙ የሚዞረውን መልእክት ሁላችንም እናውቀዋለን። «በታዋቂው ድርጅታችን ክፍት የሥራ ቦታ አለ። ደመወዝ በስምምነት። ሲቪዎን በአስቸኳይ ይላኩ።» ማን እንደላከው አይታወቅም። ለመመዝገቢያ እያሉ ብር የሚቀበሉ አጭበርባሪዎች ባሉበት ጊዜ ሰው ቢጠራጠር አይፈረድበትም። ስለዚህ ሙሉ ስሜን፣ የሥራ ድርሻዬንና የቢሮውን መደበኛ ስልክ አስቀድማለሁ። የምጽፍለትን ሰው ስልክ ቁጥር የሰጠኝ ሰው ከፈቀደልኝ እሱንም እጠቅሳለሁ።

ድሬዳዋ ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የባቡሩ ወርክሾፕ ስንት ባለሙያ አፍርቷል! ዲግሪ ሳይኖረው የሞተሩን ሕመም በድምፁ የሚለይ ሰው ዛሬም እዚህ አይጠፋም። ትናንት የጻፍኩለት ሰውም ሙያውን ከአባቱ ነው የወረሰው። መልእክቱ እንዲህ ይጀምራል፦

«ጤና ይስጥልኝ። ድሮ አብሮዎት የሠራ ባልደረባዬ አንድ ሌሊት ፓኔል ቦርዱ ሲቃጠል እርስዎ ከአሮጌ ኮንታክተር ገጣጥመው መስመሩ እስከ ጠዋት እንዳይቆም እንዳደረጉ ነገረኝ። የእኛም ማሽን አሮጌ ነው፤ መለዋወጫ ቶሎ አይገኝም። እንደዚያ የሚያስብ ሰው ያስፈልገናል።»

ይቺን አንቀጽ ለሌላ ሰው ፎርዋርድ ማድረግ አይቻልም። እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። «ድንቅ ችሎታዎን ሰምተን» የሚል ሙገሳ ለማንም ይሆናል፤ ያቺ ሌሊት ግን የእሱ ብቻ ናት።

ከዚያ ወደ ዝርዝሩ ገባሁ። ፈረቃው ስንት ሰዓት እንደሚጀምር፣ የሌሊት ተራ በወር ስንቴ እንደሚደርሰው፣ ሰርቪሱ ከየት እንደሚነሳ። ደመወዙን በቁጥር ጻፍኩ፤ ያልተጣራውንም፣ ግብርና የጡረታው 7 በመቶ ተቀንሶ እጁ የሚገባውንም። ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሰው «በስምምነት» ከሚል ወሬ ጋር ቤቱ ገብቶ ምን ይመክራል?

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የሙከራ ጊዜው ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊደርስ ይችላል። በዚያ ጊዜ ለሥራው አይመጥንም የተባለ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ይሰናበታል። እንግዲህ አስቡት። ዓመታት የሠራበትን ቋሚ ሥራ ለቆ ወደ እኛ የሚመጣ ሰው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል። ብዙ ቀጣሪ ይህን አያነሳም፤ ሰውየው ግን መጀመሪያ የሚያስበው ይህንን ነው። እኔ መልእክቱን ከመጻፌ በፊት ሥራ አስኪያጃችን ዘንድ ገባሁ። አዋጁ ጣሪያውን አስቀመጠ እንጂ ሙከራ ግዴታ ነው አላለም አልኩ። ተከራክረን ለዚህ ቦታ ሙከራው እንዲሰረዝ ተስማማን። ያንን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሰፈርኩት። ያቺ ዓረፍተ ነገር ባትኖር የቀረው ማሳመር ሁሉ ዋጋ አልነበረውም።

«በአስቸኳይ» የሚለውንም አልጻፍኩም። ሠራተኛ ሲለቅ ለአሠሪው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ነገውኑ ና ማለት የዛሬ አሠሪህን ጉድ አድርገህ ና እንደማለት ነው። «በሥርዓት አስረክበው እስኪመጡ እንጠብቃለን» አልኩት። ነገ እኛንም እንዲሁ በክብር እንዲለቀን እፈልጋለሁ።

ሰዓቱም ታስቦበታል። ከቀኑ 7 እስከ 10 ሰዓት ድሬ በሙቀቱ አርፋለች፤ ያኔ ሰው ባልረብሽ ደስ ይለኛል። በሥራ ሰዓትም አልልክም። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ከዚራ ሰፈር የተወራ መጋላ ሰፈር ለመድረስ ጊዜ አይፈጅበትም። የሰውየው ስልክ አለቃው ፊት ጠረጴዛ ላይ ሊሆን ይችላል። ባልፈለገው ሥራ ምክንያት ያለው ሥራ ሲበላሽበት ማየት አልሻም። ስለዚህ ማታ ከእራት በፊት ላክሁ። መጨረሻው ላይም «ሐሳቡ ካልተመቸዎት አንድ ቃል ይበቃል፤ ደግሜ አላስቸግርም» ብዬ ጨመርኩ።

ማታውኑ መለሰ። ቅዳሜ ሙሉ ቀን ነው ወይስ ግማሽ ብሎ ጠየቀ። ግማሽ ቀን ነው አልኩት። «እሺ፣ ባለቤቴን ላማክር» አለኝ።

ቀጥሎ የምጽፈው አዳማ ላለች የላብራቶሪ ባለሙያ ነው። ለእሷ ስለ ማሽንም ስለ ፈረቃም ከማውራቴ በፊት ስለ ቤት መንገር አለብኝ። ከነልጆቿ ነው የምትመጣው፤ የድሬን ሙቀት ደግሞ አልለመደችውም። ነገ ሳቢያን ሰፈር ወጥቼ የቤት ኪራይ ስንት እንደገባ፣ ትምህርት ቤቱ ምን ያህል እንደሚርቅ አጣራለሁ። እሱን ሳልይዝ አልጽፍላትም።