የእማዬ ደረጃ

ቶሮንቶ የገባሁት በጥር ነው። ከአየር ማረፊያው ስወጣ ብርዱ ጆሮዬን ቆረጠው። የመጣሁት ግን ከተማዋን ለማየት አልነበረም። እናቴ እህቴ ቤት ደረጃ ላይ ወድቃ የግራ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር።

እማዬ በር ላይ ተቀበለችኝ። እጇ በጄሶ ታስሯል። ገና ስሜያት ሳልጨርስ "ምንም አልሆንኩም ልጄ፣ እርጅና ነው" አለችኝ። በቀጣዮቹ ቀናትም ይህንኑ ደጋግማ አለችኝ። ጉልበቴ ከዳኝ፣ ዓይኔ ደከመ፣ አርጅቻለሁ ትላለች። እኔም የምመልስላት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ተጠንቀቂ እንጂ እማዬ።"

አንድ ነገር ግን ልብ አልኩ። ከፎቅ ስትወርድ እንደ እኛ ፊት ለፊት አትወርድም። ጎኗን ትሰጣለች። እግሯን አግድም ታስቀምጣለች፣ ሌላኛውን ታስከትላለች። ስትወርድ መያዣው ያለው በግራ በኩል ብቻ ነው፤ የተሰበረውም ግራ እጇ ነው። ስለዚህ በቀኝ እጇ ባዶ ግድግዳ እየዳበሰች ትወርዳለች። ሳያት አንጀቴ ተላወሰ።

የእህቴ ጓደኛ ፊዚዮቴራፒስት ናት። እራት ላይ ይህን ስነግራት "ነገ አንድ ቦታ ላሳይህ" አለችኝ።

በማግስቱ በምድር ውስጥ ባቡር ሴንት ፓትሪክ ጣቢያ ወርደን በዩኒቨርሲቲ ጎዳና ወደ ላይ አቀናን። ጎዳናው በግራም በቀኝም ሆስፒታል ነው። የእኛ መድረሻ ቁጥር 550 ላይ ያለው ቶሮንቶ ሪሃብ ነበር፤ ከጉዳትና ከሕመም በኋላ ሰዎች ወደ ሕይወታቸው የሚመለሱበት የተሃድሶ ሆስፒታል። የምርምር ክንፉ ካይት ይባላል። ሊፍት ውስጥ ገብተን ወደ ላይ እንወጣለን ስል ወደ ታች ወረድን።

ከመሬት በታች ያለው አዳራሽ ፋብሪካ እንጂ ሆስፒታል አይመስልም። መሐል ላይ ግዙፍ መድረክ አለ። አብራሪዎች እንደሚለማመዱበት ሲሙሌተር በየአቅጣጫው ያዘነብላል፣ ይንቀጠቀጣል። ዙሪያውን ትልልቅ ክፍሎች ተቀምጠዋል። አንዱ የክረምት ክፍል፣ አንዱ የደረጃ ክፍል፣ አንዱ የመንገድ ክፍል ነው። የዕለቱ ጥናት የሚፈልገውን ክፍል ክሬን አንስቶ መድረኩ ላይ ይጭነዋል። አንድ ሙሉ ክፍል፣ ከነግድግዳው! እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ እዚህ ይሠራል። ለረጅም ዓመታት ምርምሩን የመራው ጄፍ ፈርኒ መሐንዲስ ነው። ይህ ሲነገረኝ አልገረመኝም።

የክረምቱ ክፍል ወለል እውነተኛ በረዶ ነው፤ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቅ። ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ነፋስም ይነፍሳል። አሠራሩን አስረዱን። ፈቃደኛ ሰው የሚሞከረውን የክረምት ጫማ ያደርጋል። ቢንሸራተት እንዳይወድቅ ከጣሪያ የተንጠለጠለ መታጠቂያ ይታሰርለታል። ከዚያ በበረዶው ላይ ይራመዳል፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም። መድረኩ በትንሽ በትንሹ ያዘነብላል። እግሩ የሚከዳበት ዲግሪ ይመዘገባል። ያ ቁጥር የጫማው ውጤት ነው። 7 ዲግሪ የቻለ ጫማ አንድ የበረዶ ቅንጣት ምልክት ያገኛል። 11 ለቻለ ሁለት፣ 15 ለቻለ ሦስት።

7 ዲግሪ ከየት መጣ? የእግረኛ መንገድ ከአስፋልት ጋር የሚገናኝበት፣ ዊልቸር እንዲያልፍ የተሠራው ተዳፋት አለ። በደንቡ መሠረት ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ዘንበል ነው መነሻው። መንገድ ልትሻገር የምትወጣ አሮጊት የምትረግጠው እሱን ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የመጀመሪያውን ውጤት ለሕዝብ ሲያወጡ 98 ጫማዎች ተፈትነው ነበር። ያቺን አንድ ምልክት ያገኙት ከ10 በመቶ በታች ናቸው። ሁሉም ለክረምት ተብለው ገበያ ላይ የነበሩ ጫማዎች!

እዚያው ቆሜ ሰው ሲወድቅ ምን እንደምንል አሰብኩ። "አላየሽም እንዴ?" "ምን አስቸኮለሽ?" ጫማውን ማንም አይጠይቅም።

ደረጃው ክፍል ስንደርስ ጥያቄ ያበዛሁት እኔ ነበርኩ። ደረጃው እንደ ማንኛውም ቤት ደረጃ ነው። ልዩነቱ ካሜራዎች እያንዳንዱን እርምጃ መከታተላቸው ነው፤ እግር የት እንዳረፈ፣ ምን ያህሉ ከጠርዝ እንደወጣ፣ እጅ መያዣውን ለመጨበጥ ምን ያህል እንደፈጠነ። መድረኩ ድንገት ይገፋል። ሰውየው ሚዛኑን ሲስት እጁ ወዴት እንደሚሄድ ይታያል። መያዣው በጣም ዝቅ ቢል ወይም ለመጨበጥ ቢወፍር እጁ ቢደርስም አያድነውም።

ከሁሉ በላይ ግን የያዘኝ የእርከን ጥልቀት ነው። የምትረግጥበት ቦታ ከፊት ወደ ኋላ ስንት ነው? በካናዳ ብሔራዊ የሕንጻ ኮድ የመኖሪያ ቤት ደረጃ ቢያንስ 210 ሚሊ ሜትር ከሆነ ይበቃው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015ቱ እትም ወደ 255 ከፍ አለ። ለዚህ ለውጥ የዚህ ተቋም ተመራማሪዎች ያቀረቡት ማስረጃ ድርሻ ነበረው። እርከኑ ሲጠብ እግር ሙሉ በሙሉ አያርፍም፤ ጣቶቹ አየር ላይ ይቀራሉ። በ30 ዓመትህ ጡንቻህ ያካክሰዋል። በ75 ዓመትህ ግን ያው ጡንቻ የለም።

"የእህቴ ቤት ደረጃ ስንት ይሆን?" አልኩ።

"ሜትር የላችሁም?" አለችኝ ጓደኛችን።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በአጭሩ ልለፈው። አሽከርካሪዎች የሚፈተኑበት ሲሙሌተር አለ። እውነተኛ መኪና ነው፤ መስታወቱ ላይ እውነተኛ ውሃ ይዘንባል፣ የሌሊት መብራት ነጸብራቅ ይመጣል። መቼ መንዳት ማቆም እንዳለባቸው ለሚጨነቁ አዛውንት ትልቅ ጉዳይ ነው፤ እኔን ግን ልቤን አልያዘውም። ልቤን የያዘው መኝታ፣ ኩሽናና መታጠቢያ ያለው ሙሉ መኖሪያ ቤት ነው። ተመራማሪዎች ከላይ በተዘረጋ መተላለፊያ ላይ ቆመው ቁልቁል ያዩታል።

በዚህ ተቋም አሌክስ ሚሃይሊዲስ የሚባል መሐንዲስ ለመርሳት በሽታ ሕሙማን የሠራውን ነገር እዚያ ነገሩኝ። እጅ መታጠብ ነው፣ ሌላ አይደለም። ከገንዳው በላይ ያለ ካሜራ የእጆቹን እንቅስቃሴ ይከተላል። ሰውየው ሳሙና ረስቶ ቆሞ ከቀረ ድምፅ ቀስ ብሎ ቀጣዩን ያስታውሰዋል። ካልረሳ ግን ዝም ይላል። ዝም ማለቱን ወደድኩት። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሌላ ሰው አጠገብህ ቆሞ "አሁን ሳሙና፣ አሁን ውሃ" ሲልህ የሚሰማህን አስበው።

እዚያ ተቋም መሐንዲሱ ብቻውን አይሠራም። ዶክተሩ፣ ሕሙማን የዕለት ተዕለት ሥራቸውን ራሳቸው እንዲሠሩ የምታግዘው ኦኩፔሽናል ቴራፒስት፣ የሥነ ልቦና ባለሙያው አብረውት አሉ። ጓደኛችን ምክንያቱን በአጭሩ ነገረችኝ። "ኢንጂነር ምርጥ መሣሪያ ይሠራል። አሮጊቷ ወስዳ ቁም ሳጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ለምን እንዳስቀመጠችው የሚያውቅ ሰው ከመጀመሪያው አብሮ ካልተቀመጠ ሥራው ከንቱ ነው።" ዊልቸር ላይ ያለ ሰው ደግሞ በረዶ በሸፈነው ተዳፋት ላይ ምን እንደሚያስቸግረው ከራሱ በላይ ማን ያውቃል? ስለዚህ እሱም ከባለሙያዎቹ ጋር ይቆጠራል።

ስንወጣ ጨልሟል። በባቡሩ ውስጥ አንድ ቁጥር ከአእምሮዬ አልጠፋም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ አደጋ ይሞታሉ፤ በብዛት የሚጎዱት ደግሞ ከ60 ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። እኛ ይህን ሁሉ "ተጠንቀቁ" በሚል አንድ ቃል ልናስቆመው እንሞክራለን።

ቤት እንደገባሁ ኮቴን ሳላወልቅ ሜትር ፈለግሁ። ሦስተኛው እርከን ላይ ተንበርክኬ ለካሁ። 21 ሴንቲ ሜትር። አራተኛውም ያው ነው። ቤቱ አሮጌ ነው። ከዚያ የእማዬን ጫማ ከበሩ ሥር አንስቼ ለካሁት። 25 ሆነ። ጫማውን እርከኑ ላይ አስቀመጥኩት፤ አፍንጫው ሁለት ጣት ያህል ከጠርዙ ወጥቶ ቀረ። ጎኑን ሳዞረው ሙሉ ለሙሉ ገባ።

እማዬ ከላይ ሆና ታየኝ ነበር። "ምን እያደረግክ ነው?"

"ደረጃውን እየለካሁ ነው። ጠባብ ነው እማዬ። እግርሽ አይገባበትም። ጎንሽን የምትሰጪው ለዚህ ነው።"

ዝም አለች። ቀስ ብላ ወርዳ ጫማዋን አየችው። "እኔ እኮ ጉልበቴ መስሎኝ" አለች። እኔም ስንት ቀን ሙሉ "ተጠንቀቂ" ስላት ከረምኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ በእጇ ገፋ አድርጋኝ አለፈች።

ቅዳሜ የእህቴ ባል በቀኝ በኩል ክብ የእንጨት መያዣ ገጠመ። ክብነቱንና ውፍረቱን የመረጠችው ጓደኛችን ናት፤ መጀመሪያ እማዬን አስጨብጣ አይታ። በየእርከኑ ጠርዝ ላይም ቢጫ ሻካራ ቴፕ ለጠፍን። እርከኑን ማስፋት ደረጃውን በሙሉ ማፍረስ ስለሚጠይቅ ለጊዜው ቀረ።

የተመለስኩ ዕለት ጠዋት ሻንጣዬን እየዘጋሁ ስትወርድ ሰማኋት። አሁንም ጎኗን ሰጥታ ነው። ቀኝ እጇ ግን አዲሱን መያዣ ጨብጧል።

"ሜትሩን የት አደረግከው?" አለችኝ። "ጎረቤታችን አሮጊቷም ባለፈው ወድቃ ነበር። የእሷንም ልለካላት።"